ስለ ክረምት ቢስክሌትና ስለ ጎማው አመራረጥ

ባለፈው ሳምንት በዚህ ገጽ ስለ ክረምት ልብስ አያያዝ ከጻፍን በኋላ፥ አንድ የተከበሩ አንባቢያችን ደብዳቤ ልከውልናል። በደብዳቤያቸውም አንደኛው ልጃቸው ወደ ሥራ፥ ሁለተኛይቱም ወደ ማታ ትምህርት በቢስክሌት እንደሚመላለሱ፥ ክረምቱም ሳይጠና ጎማ ሊለውጡላቸው አስበው መርካቶ ቢወርዱ የጎማው ዓይነት ስለ በዛባቸው ባዶ እጃቸውን እንደ ተመለሱ ይገልጻሉ። በመጨረሻም፥ «ብዙ ዘመን የሚቆየው የትኛው እንደ ሆነ ብታስታውቁን» ሲሉ ይጠይቁናል።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ በአዲስ አበባ በአንዳንድ ዋና ዋና ጎዳናዎች ዳር ለቢስክሌት የተለየ መንገድ ስለ ተሠራ፥ በየቤቱ ቢስክሌት የሚጠይቅ ልጅ በርክቷል። ስለዚህ ነገሩ የእኚህ አንባቢያችን ብቻ አይደለምና ለሁሉም ይሆን ዘንድ በዚህ ገጽ መመለስን መረጥን። ነገር ግን አስቀድመን አንድ ነገር መናዘዝ ይገባናል። እርሳቸው የጠየቁትን ይህንኑ ጥያቄ እኛም ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ባለ ሱቅ አቅርበንለት ነበር፤ ባለ ሱቁም በትክክል መለሰልን፤ መልሱም ወደ ቤታችን ኀዘን አስገባ።

የእኅታችን ልጅ ከእኛ ዘንድ ተቀምጦ ይማራል። ቤታችን ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወርደው ቁልቁለት አጠገብ ነው። የሰፈራችን የውስጥ መንገድ በኮብልስቶን የተነጠፈ ሲሆን፥ የመኪና ጎማ ሲመላለስበት ድንጋዩ ልዝብ ሆኖ እንደ ተወለወለ ዕቃ ያብረቀርቃል። በሰኔ መጀመሪያ ልጁ መጥቶ፥ «ጋሼ፥ የፊተኛው ጎማ አልቋል፤ ሲዘንብ አላምነውም» አለን። እኛም ልጁን አስከትለን ወደ ገበያ ወረድን። ባለ ሱቁ ሁለት ጎማ አወጣ። ስለ መጀመሪያው ሲነግረን፥ «ይኼ መሬት ይይዛል፤ ግን ቶሎ ያልቃል» አለ። ስለ ሁለተኛውም፥ «ይኼን ከወሰዱ ጌታዬ፥ ሦስት ዓመት ወደ እኔ አይመለሱም» አለን። እኛ በመዝገብ ቤት ስንኖር ወጪን መቁጠር ልማዳችን ስለ ሆነ፥ ሦስት ዓመት የሚለውን ቃል በሰማን ጊዜ ሌላውን ለመስማት አልታገሥንም። ልጁ ወደ መጀመሪያው ጎማ እጁን ዘርግቶ እንደ ነበር አይተናል፤ አይተንም ዝም ብለናል።

በሐምሌ ወር አንድ ምሽት፥ ካፊያው ካቆመ በኋላ፥ ልጁ ከሰፈር ወደ አስፋልቱ ሲወርድ ከመታጠፊያው ላይ የፊተኛው ጎማ ከሥሩ ሸሸበት። በቀኝ እጁ ላይ ስለ ወደቀ የአንጓው አጥንት ተሰበረ፤ ስድስት ሳምንት በጀሶ ታስሮ ተቀመጠ። እናቱ ከደብረ ብርሃን ድረስ መጥታ አልጋው ዳር ተቀመጠችና፥ «ወንድም ጋሼ፥ ልጄን አደራ ብዬዎት ነበር» አለችን፤ ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ጎማው ግን ባለ ሱቁ እንደ ነገረን እስከ ዛሬ ድረስ አላለቀም።

ባለ ሱቁን ልንከሰው አንችልም፤ አንዳች ሐሰት አልነገረንምና። ጥፋቱ የጥያቄው ነበር። በዝናብ ጊዜ ለሚነዳ ሰው አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው «ስንት ዘመን ይቆያል?» የሚለው ሳይሆን «እርጥብ መሬት ይይዛል ወይ?» የሚለው ነው። ሁለቱን ነገሮች አንድ አድርጎ ማየት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለ ሆነ፥ ምክንያቱን ከሥሩ ጀምረን እንግለጽ።

ላስቲክ ከዛፍ የሚፈስ ወተት መሆኑን ብዙዎች ያውቃሉ። ይህ ወተት ረግቶ ብቻውን ቢተው በሙቀት ይለሰልሳል፥ በብርድም ይደርቃል፤ ለጎማም አይሆንም። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድዪር በ1839 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቆጣጠር) ከድኝ ጋር ቢያሞቁት ጽኑና ተመላሽ እንደሚሆን ደረሰበት። ከዚህም በኋላ በ1888 ዓ.ም. ጆን ቦይድ ዳንሎፕ የሚባል የእንስሳት ሐኪም በቤልፋስት ከተማ፥ ልጁ ባለ ሦስት እግር ቢስክሌቱን በድንጋይ መንገድ ላይ ሲነዳ መንገጫገጩን አይቶ በአየር የተሞላ ጎማ አበጀለት፤ የፈጠራ መብቱንም አስመዘገበ። ከእርሱ ከአርባ ዓመት በላይ አስቀድሞ፥ በ1845 ዓ.ም.፥ ሮበርት ዊልያም ቶምሰን የተባለ የስኮትላንድ ሰው ተመሳሳይ ፈጠራ አስመዝግቦ ነበር፤ ዳሩ ግን በዚያን ዘመን ቢስክሌት ገና ስላልተስፋፋ ፈላጊ አላገኘም። እኛ በዚህ ታሪክ ውስጥ ደስ የሚለን፥ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሽከረከረው ጎማ ከአንድ አባት ለልጁ ከማሰቡ የተነሣ መሆኑ ነው።

እንግዲህ የጎማ ጠባይ የሚወሰነው በቅመሙ ነው። ወጥ በበርበሬውና በጨው መጠን እንደሚለይ፥ ላስቲክም በድኙ መጠን፥ በጥቀርሻውና በልዩ ልዩ ዘይቱ አንዱ ጠንካራ አንዱ ለስላሳ ይሆናል። ጎማ ጥቁር የሆነው ጥቀርሻ ስለሚገባበት ነው፤ ጥቀርሻውም ከመበላትና ከፀሐይ ጉዳት ይጠብቀዋል። ጠንካራው ላስቲክ ዘመን ይቆያል፤ ነገር ግን የመንገዱን ጥቃቅን ጉድጓድና ጉብታ ገብቶ አይጨብጥም። ለስላሳው ወደ መንገዱ ሸካራነት ይገባል፥ ይጨብጣልም፤ ሆኖም በዚሁ ምክንያት ቶሎ ይበላል። በደረቅ መንገድ ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። ውሃ በመካከል በገባ ጊዜ ግን ጠንካራው ጎማ በሳሙና ላይ እንዳለ ይሆናል። ከአሸዋ ዘር የሚሠራው ሲሊካ የሚባለው ነጭ ዱቄት ከጎማ ቅመም ጋር በብዛት ከተቀላቀለ ወዲህ፥ ይኸውም ከ1990ዎቹ (በፈረንጆች) ጀምሮ፥ እርጥብ መንገድ የሚይዝ ሆኖ ሳለ ቀሎ የሚሽከረከር ጎማ ማግኘት ተችሏል። ስለዚህ በጎማው ወይም በመጠቅለያው ወረቀት ላይ ሲሊካ ያለበት መሆኑ ተጽፎ ብታገኙ መልካም ምልክት ነው።

ወረቀት ከሌለው ጎማ ዘንድ ደግሞ አውራ ጣታችሁን ተጠቀሙ። ሁለቱን ጎማዎች ጎን ለጎን አድርጋችሁ በጥፍር ተጫኑ፤ ጥፍር የሚቀበለውና ወዲያው የሚመለሰው ለስላሳው ነው። ጥፍር እንደ ቀንድ የሚመልሰውን ለፊት እግር አትግዙት። ጎኑንም አጥፋችሁ ተመልከቱ፤ ስንጥቅጥቅ ያለበት እንደ ሆነ በሱቁ ደጃፍ በፀሐይ ተሰቅሎ የከረመ ነውና፥ አዲስ ቢመስልም አርጅቷል።

አሁን ወደ ጎማው ቅርጽ እንመለስ፤ ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚታለለው በዚህ ነውና። ገዢው ቦዩ ጥልቅ የሆነውን፥ ጥርሱም የጎላውን ጎማ ሲያይ «ይህ ለክረምት ነው» ይላል። የመኪና ጎማ እንዲህ ስለ ሆነ ቢስክሌቱም እንደዚሁ ይመስለዋል። ነገር ግን የመኪና ጎማ ቦይ የሚያስፈልገው ውሃውን ወደ ጎን እንዲያፈስ ነው፤ ሰፊና ጠፍጣፋ ጎማ በፍጥነት ሲሄድ ውሃው ከሥሩ መውጫ አጥቶ እንደ ጀልባ ያንሳፍፈዋልና። የቢስክሌት ጎማ ጠባብና ክብ ስለ ሆነ ውሃውን እንደ ቢላዋ ከፍሎ ያልፋል። ለአውሮፕላን ጎማ የወጣውን ሒሳብ ይዘን ብናሰላ፥ 3 ባር አየር ያለው ጎማ በውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ፍጥነቱ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ሲበልጥ ነው። ልጆቻችን ከእንጦጦ ቁልቁል ቢለቁት እንኳ ወደዚያ አይደርሱም፤ እንዲደርሱም አንመኝም።

እንግዲያስ በአስፋልትና በኮብልስቶን ላይ የቢስክሌት ጎማ የሚይዘው በላስቲኩ እንጂ በቦዩ አይደለም። ይልቁንም ጥርሱ የጎላው ጎማ መሬቱን የሚነካው በጥርሶቹ ጫፍ ብቻ ስለ ሆነ፥ በመታጠፊያ ላይ ጥርሶቹ ይጎብጣሉ፥ የሚነካውም ላስቲክ ያንሳል። በገበያችን በብዛት የሚገኘው የተራራ ቢስክሌት እንዲህ ያለውን ጎማ ይዞ ስለሚሸጥ፥ ከተማ ውስጥ ብቻ የሚነዳ ሰው ልስልስ ወይም ቦዩ ጥልቅ ያልሆነ ጎማ ቢለውጥበት ይጠቀማል። ልዩ ሁኔታ ግን አለ። ሰፈሩ ገና ያልተነጠፈና ጭቃ የሆነበት ሰው ጥርስ ያስፈልገዋል፤ ጥርስ ጭቃ ይነክሳልና። ከጭቃ ወጥቶ አስፋልት ለሚገባ ሰው፥ መካከሉ ልስልስ ሆኖ ጥርሱ ወደ ጎኑ ብቻ የሆነው ዓይነት ይስማማዋል። ይህን እኛ ራሳችን በቃሊቲ በኩል በሚኖር በአንድ ወዳጃችን ቢስክሌት ላይ አይተን ወደነዋል።

ስለ ስፋቱና ስለ አየሩ ብዙ የሚባል አለ። የአንድ ጎማ ከመሬት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ምን ያህል እንደ ሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁን? ሰውየውና ቢስክሌቱ በአንድነት 90 ኪሎ ቢመዝኑ፥ በአየሩም ልክ 3 ባር ቢሆን፥ የኋለኛው ጎማ መሬት የሚነካው ከአንድ የክብሪት ቀፎ በማይበልጥ ቦታ ነው፤ የፊተኛው ደግሞ ከዚያ ያንሳል። የልጃችን አጥንት የሚጠበቀው በእነዚህ በሁለት የክብሪት ቀፎዎች ነው። አየሩን እጅግ ባጠበቃችሁት ቁጥር ቀፎው እያነሰ ይሄዳል፤ ጎማውም በኮብልስቶኑ ላይ እንደ ኳስ ይነጥራል፤ በነጠረም ጊዜ መሬት አይነካም፤ መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ ፍሬን ቢይዙት ምን ይጠቅማል? ስለዚህ ለድንጋይ መንገድ 47 ሚሊ ሜትር ወይም ወደዚያ የተጠጋ ስፋት ያለውን፥ ለጥሩ አስፋልት ከ32 እስከ 40 ሚሊ ሜትር የሆነውን እንመክራለን፤ ፓራፋንጎው የሚያስገባው መሆኑንም አስቀድማችሁ ለኩ። ጎሚስታው ጎማውን እንደ ድንጋይ አጠንክሮ ቢሞላላችሁ፥ ደግ ያደረገ መስሎት ነውና አትቈጡት፤ ነገር ግን ጥቂት አስተንፍሱት። በጎማው ጎን ላይ ትንሹና ትልቁ የአየር ልክ ተጽፏል። በክረምት በሁለቱ መካከል፥ ወደ ትንሹ ጠጋ ማለት ይበጃል። የኋለኛው ጎማ የሰውየውን ክብደት አብዛኛውን ስለሚሸከም ከፊተኛው ትንሽ ይጨመርለት። እጅግ ማስተንፈስም ጉዳት አለው፤ ቸርኬው ድንጋይ ሲመታ ከመነዳሪውን ሁለት ቦታ ይነክሰዋልና።

አንባቢያችን የጠየቁት የዘመን ነገር እንግዲህ የት ገባ? የረሳነው አይደለም። በዝናብ ጊዜ ጎማ ቶሎ የሚጠፋው በመበላት ብቻ ሳይሆን በመወጋት ነው። ውሃ በላስቲክና በስለት መካከል እንደ ቅባት ስለሚሆን፥ በደረቅ ጊዜ የማይገባው የጠርሙስ ስባሪ በእርጥብ ጊዜ ይገባል፤ ጎርፉም ስባሪውን ሁሉ ጠርጎ ወደ መንገዱ ዳር፥ ቢስክሌት ወደሚሄድበት ያመጣዋል። ይህን የሚከላከለው የላዩ ላስቲክ ጥንካሬ አይደለም፤ ከላስቲኩ በታች የሚደረበው መከላከያ ነው። አንዳንዱ እንደ ጨርቅ የተሸመነ ኬቭላር ወይም ቬክትራን አለበት፤ ሌላው ወፍራም ላስቲክ ይደረብበታል፤ ለምሳሌ ሽዋልበ የሚባለው የጀርመን ድርጅት ማራቶን ፕላስ ብሎ የሚሸጠው ጎማ 5 ሚሊ ሜትር የሚሆን ውፍረት ያለው የላስቲክ ንጣፍ ከሥሩ አለው። እንዲህ ያለው ጎማ ይከብዳል፥ ዳገት ላይም ይታወቃል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ዳገት የማያጣ ከተማ ነው። ቢሆንም በየሳምንቱ በዝናብ ውስጥ ተንበርክኮ ከመነዳሪ ከመለጠፍ የዳገቱን ድካም የሚመርጥ ብዙ ነው።

ስለዚህ ዘመን የሚቆይ ጎማ ስትፈልጉ «ከሥሩ መከላከያ አለውን?» ብላችሁ ጠይቁ እንጂ «ላስቲኩ ጠንካራ ነውን?» አትበሉ። ሁለቱን ጎማዎች አንድ ዓይነት ማድረግም ግዴታ አይደለም። የኋለኛው ጎማ ክብደት ስለሚሸከምና ፔዳሉ የሚገፋው እርሱን ስለ ሆነ ከፊተኛው ቀድሞ ያልቃል፤ ቢንሸራተት ግን ብዙውን ጊዜ እግር አውርዶ ማዳን ይቻላል። የፊተኛው በተንሸራተተ ጊዜ ሰው ከመሬት ላይ ራሱን ያገኘዋል እንጂ ሲወድቅ አያውቅም። እንግዲህ ለስላሳውንና የሚይዘውን ለፊት፥ ጠንከር ያለውን ለኋላ አድርጉ። የኋለኛው ባለቀ ጊዜ የፊተኛውን ወደ ኋላ አዛውራችሁ አዲሱን ለፊት ግጠሙ። አብዛኛው ሰው አዲሱን እዚያው ባለቀው ቦታ ይገጥመዋል፤ ፊተኛው ሳያልቅ እየደረቀ ዓመታት ይቀመጣል። የእኅታችን ልጅ እንኳ በተነሣ ጊዜ ያንን ጠንካራ ጎማ ልንጥለው ብንል፥ «ጋሼ፥ ገንዘብ ነው፤ ለኋላ ይሆናል» ብሎ ራሱ ገጠመው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል፤ ለፊት የገዛንለትን ለስላሳ ጎማ አንድ ጊዜ ለውጠናል፤ ወጪውንም በመዝገብ ስናሰፍር አልከበደንም።

ስለ ቁጥር ጥቂት እንጨምር፤ ብዙ ሰው ገዝቶ የሚመለሰው በዚህ ነውና። በጎማው ጎን ላይ «26» ወይም «28» ተብሎ መጻፉ አይበቃም። «26» የተባለው የተራራ ቢስክሌት ጎማ ልኩ 559 ሲሆን፥ በአንዳንድ የቀድሞ ቢስክሌት ላይ የሚገኘው «26» ደግሞ 590 ነው፤ አንዱ በሌላው ቸርኬ ከቶ አይገባም። እንደዚሁም «28» የሚባለው አንዱ 622፥ አንዱ 635 ነው። ስለዚህ በአሮጌው ጎማ ላይ በሰረዝ የተያያዙትን ሁለት ቁጥሮች፥ ለምሳሌ 47-559 ወይም 37-622 የሚለውን፥ በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። ፊተኛው ቁጥር ስፋቱ ነው፤ ጥቂት ቢለወጥ ግድ የለም። ኋለኛው ግን ቁርጡ እርሱ መሆን አለበት።

የትኛውም ጎማ የማይረዳበት ቦታ እንዳለ ደግሞ ለልጆቻችሁ ንገሩ። የእግረኛ ማቋረጫው ነጭ ቀለም፥ የጉድጓድ መክደኛው ብረት፥ ነዳጅና ዘይት የፈሰሰበት የመኪና ማቆሚያ፥ እነዚህ ሲረጥቡ ጀርመንም የሠራው ጎማ አይይዛቸውም፤ ቀጥ ብሎ፥ ሳይታጠፉና ፍሬን ሳይጨብጡ ማለፍ ነው። ከረጅም በጋ በኋላ የሚዘንበው የመጀመሪያው ካፊያ ከሐምሌ ዶፍ ይልቅ ያንሸራትታል፤ የከረመውን ዘይትና አቧራ አላቁጦ ስለሚያነሣውና ገና ጠርጎ ስላልወሰደው ነው። የፍሬኑ ላስቲክ ቸርኬውን የሚጨብጥ በሆነ ቢስክሌት ላይ፥ ቸርኬው ሲረጥብ ፍሬኑ ወዲያው አይይዝም፤ ይልቁንም ቸርኬው የሚያብረቀርቅ ብረት የሆነ እንደ ሆነ። ቁልቁለት ከመድረስ በፊት ፍሬኑን ቀለል አድርጎ በመንካት ውሃውን ማስጠረግ ያስፈልጋል።

አዲስ ጎማ ደግሞ ከፋብሪካው ቅርጽ ሲወጣ ላዩ ልሙጥ ሆኖ ስለሚመጣ፥ በመጀመሪያው ቀን በዝናብ አይፈተን። ግንቦት ሳያልቅ ግዙ፤ ልጁም በደረቅ መንገድ ጥቂት ቀን በዝግታ ይንዳበትና ላዩ ሸካራ ይሁን። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ጠዋት አየሩን ለክታችሁ፥ ጎማውን በእጅ እያዞራችሁ የተሰካውን ስባሪ በወፍራም መርፌ አውጡ። በቤታችን ይህን የሚሠራው አሁን ልጁ ነው፤ እኛም መነጽራችንን አድርገን አጠገቡ እንቀመጣለን።